ፕላስተር የተለጠፈበት ማብሪያ ማጥፊያ

ባለፈው ማክሰኞ ማታ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እጄ መብራት አጠፋሁና ተቆጡኝ። ከሳሎን ወደ መኝታ ስሄድ እንደ ልማዴ ማብሪያ ማጥፊያውን ቀጭ አደረግሁት፤ ያደግሁት «መብራቱን ማን ያጥፋልህ?» እየተባልሁ ነው። ባለቤቴ ከማድ ቤት «ነካኸው? ነካኸው አይደል!» ብላ ጮኸች፤ ሕፃን የፈላ ጀበና ሲጎትት እንደሚጮኸው። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ነጭ የቁስል ፕላስተር በመስቀለኛ ተለጥፎበት አገኘሁ። ከሥሩ በልጃችን ጽሕፈት «አይነካም» ይላል። እንደ «ማብሪያ ማጥፊያ» ሥራውን ሳይደብቅ በስሙ የሚናገር ዕቃ አላውቅም ነበር። የእኛው ግን አሁን አያበራም፣ አያጠፋም፤ ቆስሎ ተኝቷል።

ይህን ሁሉ ያመጣብን ዋርሳዬ ነው። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም አሜሪካ ይኖራል። ለጥምቀት ባሕር ዳር መጣና እናቱ በጨለማ ግድግዳ ሲዳብሱ አየ። አንጀቱ ተላወሰ። «ጋሼ፣ ይሄን ቤት ስማርት አደርግልሃለሁ፤ መብራቱን ከአልጋችሁ ሳትነሡ በስልክ ታበራላችሁ» አለኝ። እኔ ከአልጋዬ መነሣት ያን ያህል ከብዶኝ አያውቅም፤ ግን ከአሜሪካ የመጣ ሰው ሲለግስ እንቢ አይባልም።

ሻንጣው ውስጥ ሁለት አምፖል ነበረው። የመጀመሪያውን ገጥሞ ሲያበራው «ጧ!» ብሎ ጨለመ። የእነሱ ግድግዳ 120 ቮልት፣ የእኛው 220 መሆኑ ትዝ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። አማቴ ከመደባቸው ላይ ሆነው «የአገሩ ኮረንቲ ከብዶት ነው፤ አዲስ ሰው ውሃችንም አይስማማውም» አሉ።

ከዚያ ምርጫ ተጀመረ። ሚስት ስመርጥ እንኳ ይህን ያህል አልተማከርሁም። ስማርት የሚሆነው አምፖሉ ነው ወይስ ማብሪያ ማጥፊያው? «ማብሪያው ቢሆን ይሻላል፤ እንግዳም ቢነካው አይበላሽም» አልሁ። ሐሳብ እንድሰጥ የተጠየቅሁት ለመጨረሻ ጊዜ ያኔ ነው። የመብራት ባለሙያው መጥቶ ሣጥኑን ፈታና ሁለት ሽቦ ብቻ አሳየን። «ኒውትራሉ፣ ኮረንቲው የሚመለስበት ሽቦ፣ ኮርኒስ ውስጥ ቀርቷል። እነዚህ አዳዲሶቹ ደግሞ አብዛኞቹ እሱ ካልደረሰላቸው አይሠሩም። ግድግዳውን ልፈልፍለው?» አለ። ግድግዳው ከተቀባ ዓመት አልሞላውም። ስለዚህ አምፖሉ ይሁን ተባለ። ቀጥሎ፣ አምፖሉ ከስልኩ ጋር የሚነጋገረው በዋይ ፋይ ነው በዚግቢ? ዚግቢ የሚሉት ለራሱ ሌላ ማዕከል፣ ሌላ ሶኬት ይፈልጋል፤ ዋይ ፋዩ ከራውተሩ ጋር በቀጥታ ይነጋገራል፤ እሱም ቢሆን በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ካልሆነ አይሰማም። ብርሃኑስ? 2700 ኬልቪን እንደ ፋኖስ ይሞቃል፤ 6500 እንደ ክሊኒክ ይነጣል። በመጨረሻ አራት ባለ 9 ዋት አምፖል ከአዲስ አበባ አስመጣ። እያንዳንዱ የድሮውን የ60 ዋት ያህል ያበራል፤ በዚያ ላይ «16 ሚሊዮን ቀለም» ይላል ካርቶኑ። እኔ በስም የማውቀው ቀለም አሥራ አምስት ቢሞላ ነው፤ እሱም «አመድማ»ን ጨምሬ።

ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈው ሌላ ነው። አምፖሉ ውስጥ የስልኩን ትእዛዝ ተቀባይ አለ፤ እሱ እንዲሰማ ደግሞ ኮረንቲ ለአፍታም መቋረጥ የለበትም። የግድግዳው ማብሪያ ከጠፋ ስልኩ ቢለምን፣ ቢጮኽ የሚሰማው የለም። እንግዲህ አስቡት፤ በደንብ ያደገ እንግዳ ከመፀዳጃ ቤት ሲወጣ ምን ያደርጋል? መብራት ያጠፋል! ጨዋነቱ ነው። አሁን በእኛ ቤት ጨዋ ሰው የሚያበላሽ፣ መብራት አብርቶ የሚሄደው ደግሞ የሚመሰገን ሆኗል።

ያቺን «ነካኸው?» ስሰማ ግን የታወሰኝ ዋርሳዬ አልነበረም። የሽምብጧ አከራዬ ናቸው።

ተማሪ ሳለሁ ሽምብጥ በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር በአንድ ግቢ አራት ክፍል በተርታ የተከራየን ነበርን። ቆጣሪ አንድ፣ የአራታችንም መብራት የሚጠፋው ደግሞ እትዬ አልጋ ራስጌ ካለች አንዲት ማጥፊያ ነበር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን፣ ቀጭ! አራታችንም ጨለማ። የቆጣሪውን ጎማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲሽከረከር ያዩታል፤ ፈጠን ካለ «ማነው ምድጃ የሰካው?» ይላሉ፤ የሰካው ማን እንደሆነም ያውቁ ነበር። ዛሬ ዋርሳዬ ስልኩ ላይ «የኃይል ፍጆታ ክትትል» ብሎ በኩራት ያሳየኝ ነገር ይኸው ነው። አንድ ቀን ለፈተና ላነብ ስል መብራቱ ጠፋ። ወጥቼ አንኳኳሁ። «እትዬ፣ ነገ ፈተና አለብኝ።» «የሚማር ልጅ በቀን ይማራል» አሉኝ ከውስጥ፣ በሩን እንኳ ሳይከፍቱ። በዚያ ትምህርት ሲ አገኘሁ። ነፍሳቸውን ይማር፤ ሲዋን ግን እስካሁን አልተውሁላቸውም። ቢ ይሆን የነበረ ሲ ነው።

እና ይህ «ከሩቅ ሆኖ ቤት ውስጥ መብራት መቆጣጠር» የሚባለው አዲስ ነገር አይምሰላችሁ። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ አውቀዋለሁ። የቤቱ መተግበሪያ የተከፈተው በዋርሳዬ ስም ነው፤ የይለፍ ቃሉም ከእሱ ጋር አሜሪካ ተመልሷል። በስልኬ ስገባ ስሜ አጠገብ ምን ተጽፏል መሰላችሁ? «እንግዳ»! ግብሩን የምከፍል፣ ጣራው ሲያፈስ የምወጣ እኔ፣ በስሜ ካርታ ባለው ቤት ውስጥ እንግዳ ነኝ። ይኼ ቀልድ አይደለም፤ ያበሽቃል። ደወልሁለት፤ አላነሣም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የመተላለፊያው መብራት ጠፋ። ስልክ ለማንሣት ጊዜ የሌለው ሰው መብራት ለማጥፋት ጊዜ አለው። «ሲባክን አይቼ ነው ጋሼ» አለኝ በኋላ። እትዬም እንዲሁ ይሉ ነበር።

ባለቤቴ በበኩሏ ስልኳን ወደ ላይ ይዛ ከክፍል ክፍል ትዞራለች፤ የራውተሩ ጉልበት መኝታ ቤት ሲደርስ ይሰንፋል። የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ በኖረበት ከተማ በስልክ የሚታዘዝ መብራት መግዛታችንን አሁን አላነሣም። እሷን ባየሁ ቁጥር ግን «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እላለሁ፤ እወደዋለሁ ይህን ተረት። እኛ የጣና ዳር ሰዎች ዓባይ በግልገልነቱ ወደ ሐይቁ ገብቶ፣ ከጣና ውሃ ጋር ሳይቀላቀል አቋርጦ በእኛው በኩል ይወጣል ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ታዲያ እኔን የሚገርመኝ ዓባዩ ሳይሆን ግንዱ ነው። ማደሪያ ማጣቱስ ይሁን፤ ግንዱን ማን አሸከመው? ምን ሊያደርግበት ነው? ባለቤቴን ይህን ስጠይቃት ስልኩን ወደ እኔ አዙራ «እስኪ አንተ ሞክረው» ትለኛለች።

ስለ ዓባይ ከተነሣ የማልወደው ተረትም አለ። ጎረቤታችን መብራት በሄደ ቁጥር በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይላል። ሰለቸኝ! ያልተባለ ነገር ቢናገር ምን አለበት? ነገሩ እውነት ነው፤ ለዚያ ነው ይበልጥ የሚያናድደው። ጢስ ዓባይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 ተርባይን መዞር ጀመረ፤ ውሃው ወደዚያ ሲመራ ፏፏቴው ይሳሳል፤ እሱም እንግዲህ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጣና ውሃ ራሱ በዋሻ ወደ በለስ እየወረደ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። አንድ ማታ በጨለማ ተቀምጬ በስልኬ ካልኩሌተር አሰላሁት፤ የበለስ ጣቢያ ብቻውን የእኔን ዓይነት አምፖል 51 ሚሊዮን ያበራል። የሕዳሴውን 5,150 ሜጋ ዋት ላሰላ ስል ባትሪዬ አለቀ። እኔ የጠየቅሁት አራት አምፖል ነው።

በአማርኛ ኮረንቲውንም አምፖሉንም «መብራት» ነው የምንለው፤ መብራት ይሄዳል፣ መብራት ይመጣል፤ ሲመጣ የሰፈር ልጅ ሁሉ «መጣ!» ብሎ ይጮኻል። ይህ አምፖል የተሠራው መብራት የማይሄድበት አገር ነው። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ጠፍቶ ከበራ «ጌታዬ እንደ አዲስ ሊያስመዘግበኝ ነው» ብሎ የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳና ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ይህን ያወቅነው በ23፣ የጊዮርጊስ ማኅበር በእኛ ተራ በወደቀ ዕለት ነው። የነፍስ አባታችን ቆመው ጸሎት ሲያደርሱ መብራት ሄድ፣ መጣ፣ ሄድ፣ መጣ፣ ሄድ፣ መጣ አለ። ከዚያ አራቱም አምፖሎች እንደ ጭፈራ ቤት ይጠቅሱ ገቡ። አባ ጸሎቱን አላቋረጡም። ሲጨርሱ ግን ጠላቸውን ተቀብለው «ቤቱን ጠበል እንርጨው እንዴ?» አሉ፤ የሳቁ መሰለኝ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ማኅበርተኞቹ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ኩራዝ ፍለጋ ጓዳ ገባሁና እንግዶቹ እስኪወጡ አልተመለስሁም።

ሐሙስ ዕለት ፕላስተሩን ልልጠው ተነሣሁ። አንዱን ጫፍ እንዳነሣሁ አማቴ አዩኝ። እሳቸው መብራቱ ከአሜሪካ እንደሚበራ ከተነገራቸው ወዲህ አምፖሉን የሚያዩት በሌላ ዓይን ነው። «ያበራው ልጄ ነው?» «አዎ።» «እንግዲያው ያየናል» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። አያይም ብንላቸው አልሰሙም። ጠዋት ሲበራ «ደህና አደርህ?» ይሉታል። አንድ ማታ ሳሎኑ በድንገት ወይን ጠጅ ሆነ፤ ያች የዋርሳዬ ትንሽ ልጅ የአባቷን ስልክ አግኝታ ኖሯል። እኔ ስቆጣ አማቴ «ተዋት፣ የልጅ ልጄ እየተጫወተች ነው» ብለው እጃቸውን ወደ ኮርኒሱ አውለበለቡ። ስለዚህ ፕላስተሩን መልሼ ለጠፍሁት።

ትናንት ሌሊት መብራት ሄዶ አደረ። 9 ሰዓት ላይ መጣ። እነዚህ አምፖሎች ከጨለማ ሲመለሱ ማንም ሳያዝዛቸው ባላቸው ጉልበት ቦግ ይላሉ፤ ይህን የሚቀይረው ማስተካከያ ያለው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ የዋርሳዬ ስልክ ላይ ነው። አራቱም አበሩ። እያጉረመረምሁ ተነሥቼ ወደ ሳሎን ሄድሁና እጄን ፕላስተሩ ላይ አደረግሁ። አማቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ላይ ያያሉ። «ከሥራ ገባህ? እራትህንስ በላህ?» እያሉ ነው። ዞር ብለው አዩኝ።

«ቆይ አንተ፣ እየተጫወትን ነው» አሉኝ።