የውሻውን ዳሌ ያበላሸው የጅማ ዝናብ አይደለም

ሰሞኑን በአንድ ኤፍኤም ሬዲዮ የቀረበ የጅማ ውሻ አርቢ የተናገረውን ሰምቶ ዝም ማለት ከበደኝ። አንድ አድማጭ ደውሎ ከእሱ የገዛው ጀርመን ሼፐርድ ዓመት ሳይሞላው ከተኛበት መነሳት እንዳቃተው ነገረው። መልሱ «የጅማ ዝናብና የሲሚንቶ ብርድ ነው፤ ዘሩ ንጹህ ነው። ካልሺየም ስጠው፣ በደንብ አብላው፣ ይጠነክራል» የሚል ነበር። አዘጋጁም አመስግኖ አሰናበተው።

ከብርዱ ልጀምር። ብርድ የውሻ ዳሌ የሚያላቅቅ ቢሆን ኖሮ ክረምቱን ሙሉ መርካቶ በረንዳ ላይና በቆመ መኪና ሥር የሚያድሩት ውሾች አንዳቸውም ቆመው ባልሄዱ። ማለዳ ወጥታችሁ እዩአቸው፤ ቦይ ዘለው፣ አጥር ሾልከው ይሮጣሉ። ብርድ የታመመን መገጣጠሚያ ያብስበት ይሆናል፤ ይህን ያህል እቀበላለሁ። በሽታውን ግን አይፈጥርም። ሰውየው ዝናቡን የከሰሰው ዝናብ ገንዘብ መልስ ስለማይባል ነው።

በሽታው የዳሌ ዲስፕላዢያ ይባላል። የጭን አጥንቱ ራስ በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ ጥብቅ ብሎ መቀመጥ ሲገባው ይላላል፤ ውሻው በተራመደ ቁጥር ልም አጥንቱ እየተፋቀ ያልቃል። ቡችላው ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን አጣምሮ እንደ ጥንቸል ይዘላል። ሲነሳ በፊት እግሮቹ ራሱን ይጎትታል፣ የኋላ ጭኑም እየሰለለ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ በ1935 እ.ኤ.አ. የተመዘገበ፣ በብዙ ጂኖች የሚወረስ ችግር ነው። ደህና የሚሮጡ አባትና እናትም ለልጆቻቸው ያስተላልፉታል። ስለዚህ ራጅ ያላስነሳ አርቢ «ዘሩ ንጹህ ነው» የማለት መብት የለውም። አሜሪካኖቹ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውሾችን የዳሌ ራጅ የሚመረምር ድርጅት አላቸው፤ የመጨረሻውን ማረጋገጫ የሚሰጠውም ውሻው 2 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ዓመት ያልሞላት ውሻ ትወልዳለች፤ ቡችሎቿም በጆሯቸው መቆም ብቻ ይሸጣሉ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን «በደንብ አብላው» የሚለው ነው። ግቢ ለግቢ ብትዞሩ የምታዩት ይኸው ነው፦ አራት ወር ያልሞላው ቡችላ ሰንሰለት አንገቱ ላይ፣ ከፊቱ አፉ ድረስ የተሞላ የበቆሎ ገንፎና የሥጋ ቤት ትርፍራፊ፣ ባለቤቱ በኩራት «እዩት እንዴት እንደወፈረ» ሲል። ያ ውፍረት በሽታ ነው። ያልጠና መገጣጠሚያ ላይ በየቀኑ ክብደት ይጫናል፤ ፈጣኑ እድገትም በዘር የመጣውን ልልነት ያባብሰዋል። ፑሪና የተባለው የውሻ ምግብ አምራች 48 ላብራዶሮችን ከአንድ እናት የተወለዱትን ጥንድ ጥንድ እያደረገ ዕድሜ ልካቸውን ተከታተለ። አንዱ ወገን ከሌላው 25 በመቶ ያነሰ በላ። ጥቂት የበሉት የዳሌ ችግራቸው ቀንሶ ተገኘ፤ በአማካይም ወደ 2 ዓመት ገደማ ተጨማሪ ኖሩ። ምግብ እየሸጠ የሚኖር ድርጅት «ቀንሱ» የሚል ውጤት ሲያወጣ የእኛ አርቢ «ጨምሩ» ይላል! ጎድኑ ሲዳሰስ በቀላሉ እጅ ላይ የማይሰማ ቡችላ ወፍሯል፤ ምግቡ ይቀነስለት።

ካልሺየሙም እንዲሁ ነው። ትንሽ ቡችላ የተሰጠውን ካልሺየም መጥኖ መተው አይችልም፤ ወደ ደሙ ያስገባዋል፣ የአጥንቱም እድገት ይዛባል። ገንፎና ሥጋ ብቻ የሚበላ ቡችላ ካልሺየም ሊያጥረው እንደሚችል አውቃለሁ። መጠኑን የሚወስነው ግን ቡችላውን ያየ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ በሬዲዮ አይታዘዝም።

ሰንሰለቱም ይፈታ። ኖርዌይ ውስጥ በተደረገ ጥናት እስከ 3 ወራቸው ደረጃ የወጡና የወረዱ ቡችሎች ይበልጥ ተጋልጠው፣ ለስላሳ መሬት ላይ በነጻነት የሮጡት ደግሞ ተጋላጭነታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ጅማ ውስጥ ሣር ያለበት ግቢ መቼ ጠፋ?

ለታመመው ውሻ ክብደት መቀነስ፣ አጭር የእግር ጉዞ፣ የማያንሸራትት ወለልና ሐኪም ያዘዘው የውሻ ማስታገሻ ይረዱታል። ከፋርማሲ የተገዛ የሰው አይቡፕሮፌን ግን ጨጓራውን ያቆስላል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል።

«ራጅ ውድ ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ራጅ የሚነሱት አባትና እናት ናቸው፤ ወጪው ለቡችሎቹ ሁሉ ይከፋፈላል። ይህም ከከበደ ከተማችን የእንስሳት ሐኪም የሚያስመርቅ ኮሌጅ አላት፤ የሰለጠነ ሐኪም የቡችላን ዳሌ ልልነት በእጁ መርምሮ ሊያገኘው ይችላል። ሬዲዮ ጣቢያውም በሚቀጥለው ዝግጅቱ አርቢውን ሳይሆን ሐኪም ይጋብዝ። አርቢው የእናትየውንና የአባትየውን ራጅ ያሳይ፤ ከሌለው ለዚያ አድማጭ ገንዘቡን ይመልስ።