አባ ኮዳ አይግደረደርም

አክስቴ ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ሐዋሳ መጣች። 275 ኪሎ ሜትር አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ የመጣን ሰው ረሃብ ሆዱ ነው የሚያውቀው። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ባለቤቴ ምሳ አቀረበች።

"ኧረ ምን አደከመሽ ልጄ፣ ዝዋይ ላይ በልቼ ነው የመጣሁት!"

ይቺ "በልቻለሁ" የመጀመሪያዋ ናት፤ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም። ሁለተኛዋ "ርቧት መጣች" እንዳይባል ነው። ሦስተኛዋ ላይ "በሞቴ" ይባላል፣ እንግዳውም "እንግዲህ ካላችሁ" እያለ እጁን ይታጠባል። ሁላችንም ውሸት መሆኑን እናውቃለን፤ ያላወቀችው የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ብቻ ናት።

"እማዬ፣ በልቻለሁ አለች እኮ! አታስጨንቂያት" ብላ ሰሃኑን አንስታ ወደ ጓዳ።

የባለቤቴ "በሞቴ" አፏ ላይ ቀረ። መልሶ ማቅረብም አክስቴን ውሸታም ማድረግ ሆነ። እንግዳ ሲግደረደር ጦሙን ያድራል ይባላል፤ የእኛዋ ባታድርም ዋለች። ሆዷ ሲጮህ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመርንላት።

በማግስቱ ልክሳት ብዬ ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ይዣት ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ጎረቤቴ ቀድሞ ተቀምጧል። ስንገባ በድንገት ወደ ውጭ ማየት ጀመረ፤ ይህን ነገር እኔም ስለምሠራበት አልተቀየምኩትም። መውረጃችን ሲደርስ ግን የግድ ተያየን።

"የእነሱን ከዚህ ውሰድ!" አለ 200 ብር ዘርግቶ።

"በፍጹም! ከዚህ ነው የምትወስደው!" አልኩ፣ እኔም 200 ብር አውጥቼ።

የ200 ብር ኖት በ2013 ዓ.ም. ሲወጣ ስለ ጥቅሙ ብዙ ተወርቶ ነበር፤ ለእኔ የገባኝ ባጃጅ ውስጥ ነው። ዝርዝር ለሌለው ሾፌር የሚዘረጋ 200 ብር ያስመሰግናል እንጂ አያስወጣም። የጎረቤቴ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ የአስር ብሮች ጫፍ ይታየኛል። የእኔ ዝርዝር ደግሞ የኋላ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ተቀምጬበታለሁ። ሾፌሩ ሁለታችንንም አይቶ ዝም አለ። በመጨረሻ አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ የሦስታችንንም ከፈለች። ጎረቤቴና እኔ እኩል ተቆጣናት።

አሞራ ገደል አሳው ቀረበ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ልማዳቸው አጠገባችን ቆመዋል፤ ቁመታቸው እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፣ ከሩቅ ሲታዩ ለሽምግልና የመጡ ይመስላሉ። ራሳቸው ላይ ላባ የለም፤ ጥምብ ውስጥ የሚገባ አንገት ላባ ቢኖረው ይጨቀያል። ሙቀት ለማብረድ ደግሞ እግራቸው ላይ ይጸዳዳሉ፤ ነጭ ካልሲ የመሰለሽ እሱ ነው አልኳት፣ ፊቷን አዞረች። አሳ የሚያጸዳው ልጅ አንጀቱን ሲወረውር አንዱ "ብሉ፣ ጠግቤያለሁ" ሳይል ዋጥ አደረገው። ሌላውን ደግሞ ጠበቀ።

"ምን ያለ ዓይን አውጣ ነው!" አለች አክስቴ። "ትንሽ እንኳ አያፍርም?"

ሰሃኗን አየሁት፤ አጥንት ብቻ ቀርቷል።

"አንድ ልጨምርልሽ?"

"ኧረ ተወኝ! እስከ አንገቴ ነኝ" አለች፣ እኔ ሰሃን ላይ የቀረችውን ግማሽ አሳ እያየች። አባ ኮዳውም እሷኑ አሳ እያየ አንድ እርምጃ ጠጋ አለ።