የሠላሳ ቀን የንግድ ፈቃድ ይሰጠን

ወሎ ውስጥ ንግድ ከገበያ ቀንና ከበዓል ጋር ነው የሚሄደው። ሰኞ ባቲ ነው። መስከረም 21 ግሸን፣ ለገና ላሊበላ፣ ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ደሴ ላይ ከአስር ሰዓት በኋላ መንገዱ ዳር ሁሉ ሳምቡሳ ይጠበሳል። በእነዚህ ቀናት ከሚሸጠው ሰው ብዙው ዓመቱን ሙሉ ነጋዴ አይደለም። ሦስት ቀን፣ ግፋ ቢል አንድ ወር ሠርቶ ለልጆቹ የሆነች ነገር ይዞ ቤቱ የሚገባ ነው።

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ደግሞ ያለ ፀና ፈቃድ መነገድን ይከለክላል። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ለምግብ ሲሆን የብቃት ማረጋገጫ አለ፣ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) አለ፣ የሥራ ቦታ አድራሻ አለ። ሱቅ ወይም ሆቴል ለሚከፍት ሰው ይሄ ተገቢ ነው። አንድ ወር ሳምቡሳ ለምትጠብስ እናት ግን ወረቀቱ ሳያልቅ ጾሙ ያልቃል። ስለዚህ ዝም ብላ ትወጣለች፣ ደንብ አስከባሪ መጣ ሲባል ትሸሻለች። ስትሸሽ አይታችኋል? የፈላ ዘይት ያለበትን መጥበሻ በጨርቅ ይዛ፣ ሕፃን ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ በሰው መሃል ነው የምትሮጠው። ከሰሉ ምድጃው ውስጥ እንደጋመ ይቀራል። ደንቡ የወጣው ሕዝቡን ከአደጋ ለመጠበቅ ከሆነ፣ እዚያ መንገድ ላይ አደጋውን እየፈጠረ ያለው ማባረሩ ነው።

በሌላ በኩል ባዛር አለ። አዘጋጁ ሜዳውን በቆርቆሮ ያጥርና ለጠቅላላው ያስፈቅዳል፣ ከዚያ ቦታውን ቆራርሶ በፈለገው ዋጋ ያከራያል። ብርድ ልብስና ሰሃን የጫነ መኪና ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ሁለት ሳምንት ይሸጣል፣ ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ ኪራይና ግብር የሚከፍለው የደሴና የኮምቦልቻ ባለሱቅ ቢያማርር አልፈርድበትም። ባዛር ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ሰውም ይገዛበታል፣ ከተማውም ይደምቃል። ግን ደረሰኝ ይቆረጥ። የገዛሁት ዕቃ ሲበላሽ የምጠይቀው ሰው ስምና ስልክ በር ላይ ይለጠፍ። ደግሞ አዘጋጁ ቦታውን ስንት እንደሚያከራይ በግልጽ ይታወቅ፣ ለአካባቢው ሰውም በሚችለው ዋጋ የተወሰነ ቦታ ይቀመጥለት። ይሄን ፈቃዱ ላይ መጻፍ ምን ያህል ይከብዳል?

የምግቡ ጉዳይ ቀልድ አይደለም፣ እሱን እኔም አውቃለሁ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የወጣው በምክንያት ነው። ግን ተቆጣጣሪው ወረቀት ከመጠየቁ በፊት ውኃው ከየት እንደመጣ ይጠይቅ። እጅ የት ይታጠባል? ዘይቱ ስንተኛ ቀኑ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ እንዲሁ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ ይላል። በዚህ ከሄድን ከዘይት ወጥቶ በትኩሱ ከሚበላው የምስር ሳምቡሳ ይልቅ፣ ባዛር ግቢ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ለብ እያለ የሚውለው የሥጋ ወጥ ነው ይበልጥ የሚያስፈራው። ባለወጡ ግን በአዘጋጁ ፈቃድ ተጠልሎ ማንም ሳይነካው ይውላል። ባለሳምቡሳዋ ትባረራለች።

እኔ የምለው ቀላል ነው። ከተማ አስተዳደሮቻችን ከአንድ ቀን እስከ ሠላሳ ቀን የሚያገለግል ፈቃድ ያዘጋጁ፣ ቀበሌ ላይ በአንድ ጠረጴዛ የሚያልቅ። መታወቂያና የጤና ምርመራ ወረቀት ይበቃል። ቦታው በቀለም ይሰመር፣ ቁጥር ይሰጠው። ለአስር ሻጭ አንድ የውኃ ሮቶና አንድ የቆሻሻ በርሜል ይቅረብ፤ ይህን ከሚሰበሰበው ክፍያ መሸፈን ይቻላል። ያኔ ዘይቷን የማትቀይረውን ሻጭ ስም ጠርቶ መቅጣት ይቻላል፤ ዛሬ የምትሸሸውን ሴት ማን ብሎ ይቀጣታል?

ለዚህ ደግሞ አዲስ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ቦታ መለየቱም ሆነ ውኃ ማቅረቡ የከተማው ሥራ ነው። ረመዳንም ግሸንም መቼ እንደሚመጣ ይታወቃል። ዝግጅቱ ሰው ከወጣ በኋላ ሳይሆን ወር ሲቀረው ይጀመር፣ የፈቃዱ ክፍያም ከሻጯ የአንድ ቀን ትርፍ አይብለጥ።