ጊዜ እኮ አላቸው

በጎ ፈቃደኛ ፍለጋ የተሰበሰበ ኮሚቴ ሦስተኛው አጀንዳ ላይ ሲደርስ አንዱ ከወንበሩ ቀና ይልና «ለምን ጡረተኞቹን አንጠይቅም? ጊዜ እኮ አላቸው» ይላል። ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ዓመት በታች ነው። ጡረተኛ ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ ቢያውቅ ኖሮ አፉን ይዞ አጀንዳውን ባሳለፈ ነበር።

ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ የሚበዛበት ዘመድ አዝማድ ሁሉ የወጣበትን ቀን ስለሚያውቅ ነው። ሴት ልጅ ሕፃኗን ከትምህርት ቤት የሚያመጣላት ትፈልጋለች፤ ወንዱ ልጅ ቧንቧ ሠሪ ሲመጣ በር የሚከፍትለት ያስፈልገዋል፤ ጎረቤት የሚሞላ ቅጽ ይዞ ብቅ ይላል። በዚያ ላይ የሐኪም ቀጠሮ አለ፤ አንዱ ለዓይን፣ አንዱ ለደም ግፊት፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱ ሐኪሞች ያዘዙት መድኃኒት አብሮ ይዋጥ እንደሆነ ለመጠየቅ። ይህ ሁሉ ልፋት ታዲያ በጎ ፈቃድ ተብሎ አይመዘገብም። እ.ኤ.አ. በ2013 በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ሥር የተሰበሰቡ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ባጸደቁት ብያኔ፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ ያለ ክፍያና ያለ ግዴታ ለሌሎች የሚሠራ፣ በአራት ሳምንት ወይም በወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት የሚወስድ ነው፤ ለራስ ቤትና ለዘመድ ቤት የሚሠራው አይገባበትም። ስለዚህ አያት የልጃቸውን ልጅ በሳምንት 30 ሰዓት ቢጠብቁ በመዝገቡ ላይ ዜሮ ናቸው፤ የማያውቁትን ሰው ልጅ በወር አንድ ሰዓት ቢጠብቁ ይጨበጨብላቸዋል። «ያለ ግዴታ» ሲባልም የሕግና የአስተዳደር ግዴታ ማለት ነው። ልጅ ደውላ «እማዬ፣ ዛሬን ብቻ» ስትል የሚመጣውን ግዴታ ባለሙያዎቹ የት እንደሚያስገቡት ቸግሯቸው ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ኮሚቴው እንመለስ። መጀመሪያ ባነር ያሰቅላል። ማንም አይመጣም። ሰው ወደ በጎ ፈቃድ የሚገባው ከምንም በላይ የሚያውቀው ሰው ፊት ለፊት ሲጠይቀው ነው፤ ዕድሜው የገፋ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጥያቄው ሦስት ነገር መያዝ አለበት፦ ሥራው ምን እንደሆነ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚወስድና መቼ እንደሚያልቅ። አስተባባሪዎች የመጀመሪያውን ያስረዝሙታል፣ ሁለተኛውን ያሳንሱታል፣ ሦስተኛውን ይውጡታል። አዛውንቱ ግን ከሁሉ በፊት የሚፈልጉት ሦስተኛውን ነው፤ መግባቱ ቀላል፣ መውጣቱ ቀብር የሆነ ኮሚቴ በሕይወታቸው ብዙ አይተዋል። «ለሦስት ወር፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ረፋድ ላይ» የተባለ ሰው ይመጣል። «ሲመችዎ ብቅ ይበሉ» የተባለ ግን ሳይመቸው ይኖራል።

ተስማምተው ሲመጡ ቅጽ ይጠብቃቸዋል። አራት ገጽ ነው፣ የሚሞላውም በኢንተርኔት ነው። «የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት» የሚለው ሣጥን ባዶ ከሆነ ቅጹ አያልፍም። ኢሜይል ይጠይቃል፤ ኢሜይሉን የከፈተላቸው የልጅ ልጃቸው ነው፣ የይለፍ ቃሉንም የሚያውቀው እሱ ነው፣ ማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው በእሱ ስልክ ነው፣ እሱ ደግሞ ክፍል ውስጥ ነው። ቁጥሩ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይቃጠላል። 35 ዓመት ሒሳብ የመረመሩ ሰው እንግዲህ ስማቸውን ለማስመዝገብ የአንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እረፍት ሰዓት ይጠብቃሉ። መፍትሔው አንድ ወረቀት፣ አንድ እስክሪብቶና ስልክ ቁጥራቸውን የሚጽፍ አንድ ሰው ነበር።

ስልጠናው ሌላ ጉድ ነው። አሠልጣኙ መብራት አጥፍቶ ነጭ ግድግዳ ላይ ግራጫ ፊደል ያበራል። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ብሌን ይጠብባል፣ ሌንሱም ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፤ በ60 ዓመት ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የጀርባ ክፍል) ላይ የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመት ከሚደርሰው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ጥቁር ፊደል በነጭ ወረቀት ላይ፣ ከ14 ነጥብ ባላነሰ መጠን ታትሞ በእጅ ቢሰጥ ጉዳዩ ባለቀ ነበር። አሠልጣኙ ግን «አይታያቸውም» ከማለት ይልቅ «አልገባቸውም» ብሎ ይደመድምና መጮህ ይጀምራል። ጩኸቱም አይጠቅምም። በዕድሜ ምክንያት መጀመሪያ የሚደክመው ቀጫጭን ድምፆችን የመስማት ችሎታ ነው፤ ስ፣ ሽ፣ ፍ የመሳሰሉት ይጠፋሉ፣ ወፍራሞቹ ግን ድሮም ይሰማሉ። ሲጮህ የሚጎላው ያው ድሮም ይሰማ የነበረው ነው። ፊትን ወደ እነሱ አዙሮ፣ ቀስ ብሎ፣ ማራገቢያውን አጥፍቶ መናገር ይበቃል። ሰዎቹ ግን ጨዋ ናቸው፤ ባይሰሙም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ አዳራሹን የሚያጸዳው ቡድን ወደ ችግኝ ተከላው፣ የተከላው ወደ አዳራሹ ይሄዳል፤ ሪፖርቱም «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ» ይላል።

ሥራ ሲደለደል ደግሞ ሁለት በሽታ አለ። አንደኛው አዛውንቶቹን የፊት ረድፍ ላይ አስቀምጦ ፎቶ ማንሳት ነው። ቲሸርት ይለብሳሉ፣ ሁሉም በአንድ መጠን ስለታዘዘ ግማሾቹ ውስጡ ይጠፋሉ፣ ግማሾቹ አይገቡበትም። ነርስ የነበሩት ፖስታ ያሽጋሉ፤ መሐንዲስ የነበሩት ወንበር ይቆጥራሉ፤ 61 ዓመት የሞላቸው ሁሉ «አባባ»ና «እማማ» ተብለው የሚነሳ ዕቃ ይቀሟቸዋል። ብዙዎች ታመው ሳይሆን ተሰላችተው የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው፤ አስተባባሪው ግን መዝገቡ ላይ «በጤና ምክንያት» ብሎ ይጽፋል።

ሁለተኛው በሽታ ከራሳቸው ከአዛውንቶቹ ይመጣል፣ ዝም ሊባልም አይገባም። ሰብሳቢ ሳይሆኑ በጎ መሥራት የማይችሉ የቀድሞ ኃላፊ አሉ። ከሰዓቱ ቀድመው ይመጣሉ፣ ቁልፍ ይጠይቃሉ፣ በሁለተኛው ሳምንት 12 አንቀጽ ያለው የውስጥ ደንብ አርቅቀው ያቀርባሉ። በሦስተኛው ሳምንት ምክትላቸውን በተግሣጽ ያልፋሉ። ምክትላቸውም በጎ ፈቃደኛ ስለሆኑ በአራተኛው ሳምንት አይመጡም። እኚህን ሰው ከማባረር ይልቅ ማንም ያልነካውን መጋዘን መስጠት ይሻላል፤ እዚያ የሚገሥጹት ሣጥን ብቻ ነው፣ ሥራውም በእውነት ይሠራል።

መጓጓዣ የሚባል ነገር ደግሞ አለ። በነፃ ለማገልገል የመጣ ሰው የትራንስፖርቱን ከኪሱ ይከፍላል፤ ጡረታ ደግሞ የታወቀ ገንዘብ ነው። «የቸገረው ይጠይቅ» ከተባለ ማንም አይጠይቅም፤ ከመጠየቅ መቅረት ይቀላቸዋል። ሠርተው ሲጨርሱ ለሁሉም እኩል፣ ያለ ደረሰኝ፣ በዚያው ቀን መስጠት ነው ያለው። ሦስት ፊርማ የሚፈልግ የተመላሽ ክፍያ ቅጽ ያወጣ ድርጅት በጀቱን አተርፋለሁ ብሎ ሰዎቹን ያጣል። ወንበሩም የእጅ መደገፊያ ይኑረው፤ ዝቅ ያለ ሶፋ ላይ የተቀመጠ አዛውንት ሥራ አላልቅ ብሎት የዘገየ ሊመስል ይችላል፣ የሚነሣበት አጥቶ ነው እንጂ።

ጥቅሙን መካድ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ፣ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆነ 13,000 ያህል አሜሪካውያንን የተከታተለ ጥናት በዓመት 100 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያገለገሉት ምንም ካላገለገሉት ይልቅ በክትትሉ ጊዜ የመሞት ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። በሳምንት ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው። አስተባባሪው ግን የሚያስታውሰው 100 የሚለውን ቁጥር ብቻ ነው፤ «በዓመት» የምትለዋ ትጠፋውና የወሩን ፕሮግራም በዚያው ልክ ያወጣል።

አለዚያ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ረስቷቸው ለበዓል ይጠራቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት ኦክቶበር 1ን የአረጋውያን ቀን፣ ዲሴምበር 5ን የበጎ ፈቃደኞች ቀን አድርጎ ሰይሟል። በመካከላቸው 65 ቀን አለ፣ እንደ ብዙ አገር የጡረታ ዕድሜ። በመጀመሪያው ቀን «ይረፉ፣ ደክመዋል» ተብለው አበባ ይቀበላሉ፤ በሁለተኛው «ገና ጉልበት አለዎት» ተብለው መጥረጊያ ይረከባሉ።

«አልመጣም፣ 40 ዓመት ሠርቻለሁ» የሚሉም አሉ። ምንም አላጠፉም። ይልቅ የሚያሳዝኑት እንቢ ማለት ነውር ሆኖባቸው ሦስት ኮሚቴ ውስጥ የገቡት ናቸው። አንድ ቀን ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው የስንብት ደብዳቤ ጽፈው ይመጣሉ። አስተባባሪው ተነሥቶ ይቀበላቸዋል፣ ደብዳቤውን ያነባል፣ በእውነትም ያዝናል። «ልክ ነዎት፣ ማረፍ አለብዎት» ይላል። ተተኪ እስኪገኝ ድረስ ግን፣ እንዲያው ለጥቂት ጊዜ፣ የተተኪ ፈላጊ ኮሚቴውን በሰብሳቢነት ቢይዙልንስ?