ክብር ለሶፋው ክፍለ ጦር

ሰሞኑን በአንድ የውይይት ፕሮግራም ላይ አንድ ተንታኝ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ወጣቱን ሲወቅጡት አመሹ። ርዕሱ «ሠራዊቶች ምልምል ለምን አጡ?» የሚል ነበር። የእሳቸው መልስ ጥያቄው ሳይነሳ ተሰናድቶ የመጣ ነው፦ ያሁን ልጅ ፈሪ ነው፣ ስልክ አደንዝዞታል፣ ላብ አያውቅም። አወያዩ ራሱን ይነቀንቃል። እሳቸው የት ግንባር እንደዋሉ የጠየቀ ግን አልነበረም። እንዲህ ያለ ጀግና እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል እንዴ?

እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፤ በየቤተሰቡ አንድ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ሁለት አይጠፉም። ዛሬ የተነሳነው ለሐሜት ሳይሆን ለምስጋና ነው። የዓለም ጦር ሠራዊቶች የሰው ያለህ እያሉ ሲጮኹ አንድ ክፍለ ጦር ብቻ ጎድሎ አያውቅም፤ የሶፋው ክፍለ ጦር። ማስታወቂያ አይለጥፍ፣ ጉርሻ አይከፍል፣ ምርመራ አያካሂድ፣ ሁሌም ሙሉ ነው። ጥይቱ ቃል ስለሆነ አያልቅበትም። አዝማችም አያጣ፤ የጦር ሳይሆን የዘፈን አዝማች፣ ያውም አንድ ብቻ፦ «በእኛ ጊዜ እኮ…»

ሙያው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1914 መጨረሻ (የቀሩትንም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ያዙልኝ) ፎክስተን በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ጡረታ የወጣ አንድ አድሚራል 30 ሴቶች አሰባስቦ ነጭ ላባ አስያዛቸው። ሥራቸው የወታደር ልብስ ያልለበሰ ወንድ ባዩ ቁጥር ላባውን መስጠት ነበር፤ ትርጉሙም «ፈሪ» ማለት ነው። ነገሩ አገር ምድሩን አዳረሰ። ላባ ግን ዓይን የለውም። ለዕረፍት ከግንባር መጥቶ ልብሱን የቀየረው ወታደርም ደረሰው፤ ቆስሎ የተሰናበተውም ደረሰው። በ1916 መንግሥት በቁስልና በሕመም ለተሰናበቱት የብር ባጅ አሠርቶ ማደል ጀመረ፤ አካሉን ሰጥቶ የመጣ ሰው መንገድ ላይ ሳይሰደብ ለመሄድ ደረቱ ላይ ማስረጃ መለጠፍ ነበረበት ማለት ነው። ሠራዊቱስ በላባ ሞላ? በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ፓርላማው የግዴታ ውትድርና ሕግ አወጣ።

ዛሬ ላባው ቀርቷል፤ ለዶሮዎቹ እሰየው። በምትኩ ማይክሮፎን አለ።

እስቲ ይህን «ፈሪነት» ጠጋ ብለን እንየው። የአሜሪካ ምድር ጦር ከ1973 ወዲህ በግዴታ አይመለምልም። በ2022 የበጀት ዓመት 60 ሺህ ሰው ሊቀጥር አቅዶ 15 ሺህ ያህል ጎደለው። የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ በ2020 ያደረገው ጥናት ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ከ17 እስከ 24 ዓመት ካሉት ወጣቶች 77 በመቶው በራሳቸው እግር ቢመጡ እንኳ ያለ ልዩ ፈቃድ አይገቡም። አንዱን ክብደቱ፣ አንዱን የጤና ታሪኩ፣ አንዱን ዕፅ፣ ብዙውን የእነዚህ ድምር ያስቀረዋል። ከመቶ ሰባ ሰባቱን ከደጅ እየመለሱ «ለምን አትመጡም?» ማለት ለሶፋው ጄኔራሎች ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነው።

በዚያው በ2022 ማርች ላይ አዲስ የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ሥራ ጀመረ። ቀድሞ ስለ ጤናው የሚናገረው ምልምሉ ራሱ ነበር፤ መልማዩም ሁሉን ባይሰማ አይጠላም። አሁን ግን መዝገቡ በልጅነቱ የታዘዘለትን መድኃኒት ሳይቀር ቆፍሮ ያወጣል። ከ13ኛ ልደቱ በኋላ አስም የታየበት ልጅ በደንቡ ይመለሳል፤ ልግባ ካለ ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። ልዩ ፈቃዱ የድሮ የሕክምና ወረቀት ይፈልጋል፣ አዲስ የትንፋሽ ምርመራ ይፈልጋል፣ የሐኪም ደብዳቤ ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወረፋ ይፈልጋል። ልጁ ይጠብቃል። በመሃል አንድ ዕቃ ማከማቻ መጋዘን «ሰኞ ጀምር» ይለዋል፤ ሰኞ ይጀምራል። ይኸውላችሁ ፈሪው!

ጦሩ ራሱ መድኃኒቱን የፈለገው ሌላ ቦታ ነው። በኦገስት 2022 ፎርት ጃክሰን በሚባለው የጦር ሠፈሩ ክብደታቸው ወይም የፈተና ውጤታቸው በጥቂት ለጎደለ አመልካቾች እስከ 90 ቀን የሚቆይ ቅድመ ሥልጠና ከፈተ። አንዱን ያስሮጡታል፣ አንዱን ሒሳብና ንባብ ያስጠኑታል። በ2024 ዕቅዱን ወደ 55 ሺህ ዝቅ አድርጎ ሞላው። ሳጅኑ መስደቡ እንደማይቀር የታወቀ ነው፤ ቢያንስ ግን አብሮ ይሮጣል።

ሌላም ዓይነት ዘማች አለ፤ ውትድርናን የጠባይ ማረሚያ አድርጎ የሚያይ። ልጁ አርፍዶ ከተነሳ «ግዴታ ይሁን፤ ሁለት ዓመት ይግባና ሰው ይሁን!» ይላል። ስዊድን በ2010 ግዴታውን አቁማ በ2017 ለመመለስ ወሰነች፤ ግን የ18 ዓመቱ ሁሉ መጠይቅ ይሞላል እንጂ የሚጠራው ጥቂቱ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ምልምል አልጋ ይፈልጋል፣ ጫማ ይፈልጋል፣ መሣሪያ ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ አሠልጣኝ ይፈልጋል፤ አሠልጣኙ ደግሞ ከዚያው እጥረት ካለበት ጦር ተነቅሎ የሚመጣ ነው። አልጋ ላይ ያስቸገረን ልጅ ለማስነሳት የማንቂያ ሰዓት ይረክሳል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እጥረቱን በአንድ ጀምበር የሚዘጋ ሐሳብ አለ። ጃፓን በ2018 የምልመላ ዕድሜ ጣሪያዋን ከ26 ወደ 32 አሳድጋለች፤ የአሜሪካ ምድር ጦርም በ2006 እስከ 42 አድርሶት ነበር። እኛ ጣሪያውን ጨርሰን እናንሳና ተንታኛችንን እናስገባቸው። እንዲህ ያለ ወኔ በዕድሜ ሰበብ ሲባክን ማየት ያንገበግባል።

ቅጹን በአንድ ትንፋሽ ይሞላሉ፤ ማዕረግ የሚል ቦታ ቢያጡ በኅዳጉ ላይ «ተንታኝ» ብለው ይጨምራሉ። ምርመራው ላይ ደም ግፊት አንድ ደብዳቤ፣ ጉልበት አንድ ደብዳቤ፣ ወገብ ሁለት ደብዳቤ ይጠይቃል፤ አለፉ እንበል። ከዚያ የአካል ብቃት ይመጣል። የአሜሪካ ምድር ጦር ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ በአምስት ነገር ይፈትናል፦ ክብደት ከመሬት ማንሳት፣ የሁለት ደቂቃ ፑሽ አፕ፣ ሩጫ ከጉተታና ከሸክም ጋር፣ ፕላንክ (በክንድ ተደግፎ ሰውነትን እንደ ሳንቃ ቀጥ አድርጎ መቆየት)፣ በመጨረሻም የሁለት ማይል ሩጫ፤ 3.2 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ፑሽ አፑ ቤት ውስጥ እንደሚሠራው አይደለም። ደረት መሬት ነክቶ፣ ሁለቱም እጆች ከመሬት ተላቀው፣ ወደ ጎን ተዘርግተው ይመለሳሉ፤ ያልተዘረጋ አይቆጠርም።

ዋናው ሦስተኛው ነው። 25 ሜትር መስመር ላይ አምስት ጊዜ ደርሶ መልስ፣ ድምሩ 250 ሜትር። መጀመሪያ ሩጫ፤ ቀጥሎ 41 ኪሎ ያህል የተጫነበትን ተንሸራታች ወደ ኋላ እየሄዱ መጎተት፤ ከዚያ የጎን ሩጫ፤ ከዚያ በየእጁ 18 ኪሎ ብረት አንጠልጥሎ መሄድ፤ ማሳረጊያው ሩጫ። ሯጩ መስመሩን በእጁም በእግሩም ካልነካ ፈታኙ «ተመለስ!» ይላል። ተንሸራታቹም ከነጅራቱ መስመሩን ካላለፈ እንደዚያው።

ለእሳቸው ክብር ሲባል ብረት አንጭንም፤ ሶፋቸውን እንጫንላቸው። ባለ ሦስት ሰው መቀመጫው ይከብዳል፣ ባለ አንዱ ይበቃል። ማሰሪያውን ይይዛሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥ ብሎ ቆሞ በክንዱ ሊጎትት ሲሞክር ነው፤ መቀመጫን ዝቅ አድርጎ፣ ክንድን ዘርግቶ፣ በእግር መግፋት ነው ያለበት። መቀመጫ ዝቅ በማድረግ እሳቸውን የሚያህል የለም፤ ችግሩ ዝቅ ያሉ እንደሆነ እዚያው መቅረታቸው ነው። ሶፋው ሦስት ሜትር ይጓዛል። ሪሞቱ ይወድቃል። ሊያነሱት ይመለሳሉ፤ ሰዓቱ አይቆምም። «በእኛ ጊዜ ሣሩ እንዲህ አይዝም ነበር» ይላሉ። ሰባተኛው ሜትር ላይ ሶፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ስለ ሣሩ ርጥበት ሰፋ ያለ ትንታኔ ይሰጣሉ፤ አወያዩ ከሜዳው ዳር ራሱን ይነቀንቃል። በስንት ልመና ተነስተው ሶፋውን መስመሩ ጋ አደረሱት፤ የፊት እግሮቹ ቀሩ። «ተመለስ!» አራተኛው ዙር ላይ ከእግር ቀድሞ የሚከዳው የእጅ ጣት ነው፤ ብረቱ እያዳለጠ ይወርዳል። እሳቸው ግን ገና ሳይደክማቸው ይጥሉታል። አመልካች ጣታቸው ወጣቱ ላይ የሚቀሰርበት ነውና ሸክም አይነካካውም።

ልጃቸውስ የት ነው? የራሱን ልጅ በትውውቅ አስቀርቶ የሌላውን ልጅ ፈሪ የሚል አፍ እፍረት የሚባል አልፈጠረበትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ የሚፈርመው ወረቀት እግሩን፣ ዓይኑን፣ ነፍሱን መያዣ የሚያደርግ ውል ነው። ውሉን ከመፈረሙ በፊት የሚያየው ፖስተሩን እንዳይመስላችሁ፤ ከእሱ በፊት የሄደውን ነው። ያ ሰው ቁስሉን አገልግሎት ላይ ማግኘቱን ለማስረዳት ከመስኮት መስኮት ወረቀት ሲያመላልስ ዓይኑ እያየ ነው ያደገው። የሄደውን እንዲህ አድርገን ያልሄደውን እንሰድባለን! «በእንጀራ ልጅ እጅ የእባብ ጉድጓድ ይለካል» ይባላል፤ ያ ለኪ እንኳ ልጁን «ፈሪ» ብሎ አልጨመረበትም።

ተንታኛችን ከዕድሜያቸው አንጻር ታይቶላቸው ፈተናውን አልፈዋል፤ አሁን ጥሪ እየጠበቁ ነው። ብሪታኒያ ውስጥ የመንግሥት ኦዲተር በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ ለመደበኛ ወታደርነት አመልክተው ሥልጠና ከደረሱት መካከል ለግማሾቹ ሂደቱ እስከ 321 ቀን ወስዶባቸዋል፤ በ2017/18 ደግሞ ከአመልካቾቹ 47 በመቶው በገዛ ፈቃዳቸው ትተውት ሄደዋል። ተንታኛችን በ40ኛው ቀን ደወሉ፤ «ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው» ተባሉ። በ60ኛው ቀን ደገሙ፤ ከወገብ ደብዳቤዎቹ አንደኛው ማኅተም ጎድሎታል። በ75ኛው ቀን ማመልከቻቸውን አነሱ። ማንም ፈሪ አላላቸውም። በሚቀጥለው ሳምንት ውይይት የመጀመሪያው ተናጋሪ ሆነው ይቀርባሉ፤ ርዕሱ «ትዕግሥት ያጣ ትውልድ» ነው።