ደብረ ብርሃን በ8 ደቂቃ

የሁለት ከተማ ስም ሲጽፉለት የአየር ርቀቱንና የበረራ ጊዜውን አስልቶ የሚሰጥ ነገር ስልክ ላይ አለ። አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ብለው ቢጠይቁት ቅር ሳይለው ይመልሳል። ደብረ ብርሃን መደበኛ በረራ እንደሌላት ማን ነግሮት! ካርታው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል፣ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ያገኛል፣ በጄት ፍጥነት፣ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር፣ ያካፍለዋል፤ 8 ደቂቃ። ጠንቃቃው ደግሞ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምርበታል።

ለመነሻ! የእኛ ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቶ መናኸሪያ እንደቆመ፣ ረዳቱ «የሞላ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እንዳለ የቁርስ ሰዓት ያልፋል። አንድ ሰው ቀረኝ ማለቱ እንኳ ውሸት አይደለም፤ ከአንዱ በቀር ወንበሩ ሁሉ ተይዟል። ግማሾቹ ግን የራሱ ጓደኞች ናቸው። እውነተኛ ተሳፋሪ በገባ ቁጥር አንዱ «ውኃ ልግዛ» ብሎ ይወርድና በዚያው ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ነው የአስፋልቱ 130 ኪሎ ሜትር የሚጀመረው። አውሮፕላን ሸኖ ላይ አይቆምም፤ ሚኒባስ ግን ቅቤ ሳያስገዛ የት አባቱ ያልፋል? አጠገቤ የነበሩት እናት በጣታቸው ቆንጠር አድርገው እጃቸው ጀርባ ላይ አሹት፣ አሸተቱት፣ ፊታቸውን ቅጭም አድርገው ወደሚቀጥለዋ ሻጭ አለፉ። የስልኩ 8 ደቂቃ እዚያች እጅ ላይ አለቀ።

ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና ሲሆንማ ይብሳል። በስልኩ መስመር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአስፋልቱ 60። ልዩነቱን የጣርማበርን ተራራ ጠይቁ። ጣሊያን ተራራውን በስቶ ዋሻ ባያወጣለት ኖሮ ይኼም ባልበቃ። ጉሙ ሲወርድ ሹፌሩ የሚያየው ከፊቱ ያለውን የመኪና መብራት ነው፤ እሱም ዕድል ከቀናው። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚለው ሰውዬ እስቲ እዚህ ይሞክራት!

ስልኩን ብቻ ማማት ግን ግፍ ነው። መንዝ ውስጥ «ያቺ ቤተ ክርስቲያን ሩቅ ናት?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ባላገሩ አገጩን ቀና አድርጎ «ኧረ እዚችው ናት!» ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ ትታያለች። በመሃል ያለውን ገደል፣ ከገደሉ ሥር ያለውን ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን ዳገት ከቁጥር አያስገባውም። ሳተላይት ሳይፈጠር የአየር ርቀትን ስናሰላ የኖርነው እኛ ነን።

መንገደኛውም ቢሆን ከዚህ አይሻልም። ያን ዕለት ገና ሰንዳፋ ላይ ሆነን፣ ሸኖም ከሸኖ ቀጥሎ ያለችው ጫጫም ከፊታችን ሳሉ፣ ከኋላዬ የተቀመጠው ጎልማሳ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «እማዬ፣ ጫጫን አለፍን፤ ደረስኩ በቃ!» አለ። የእናትየው ድምፅ ከስልኩ አልፎ ለሁላችንም ተሰማ፦

«እሰይ የኔ ልጅ፤ ሸኖ ስትደርስ ደውልልኝ፣ ያኔ ሽሮዬን እጥዳለሁ።»