ኢንችና ሚሊ በአንድ ጣሳ

አሜሪካ ውስጥ የሥራ ጋራዥ ያለው ሰው ግድግዳው ቀዳዳ በበዛበት ሰሌዳ የተሸፈነ፣ መደርደሪያው በትንንሽ የፕላስቲክ መሳቢያ የታጨቀ ነው። አዲስ አበባ ግቢው ውስጥ እየበሳና እየበየደ የሚሠራ ሰው ደግሞ ፑንታውን (የድሪል መብሻውን)፣ ብሎኑን፣ ዳዶውን (ብሎኑ ላይ የሚጠመዘዘውን)፣ ሮንዴላውን (ቀለበቱን) እና ፊሸሩን (ግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባውን የፕላስቲክ መያዣ) በአንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ሰብስቦ ያስቀምጣል። ሁለቱን አይቶ እዚያ ሥርዓት አለ፣ እዚህ የለም ማለት ይቀላል። የአገር ቤቱን ጣሳ በቅርብ ለሚያውቀው ግን ዋናው ችግር ሌላ ነው፤ እኛ ውጭ የምንኖረው የምንልከው በኢንች የተለካ ዕቃ ከአገሩ በሚሊ (ሚሊሜትር) ከተለካው ጋር እዚያ ጣሳ ውስጥ ይገናኛል።

አሜሪካ የሚሸጠው ባለ 29 ፍሬ የፑንታ ስብስብ ከ1/16 ኢንች ተነሥቶ በ1/64 እየጨመረ 1/2 ኢንች ይደርሳል። መርካቶ የሚገኘው ባለ 19 ፍሬ ከ1 ሚሊ እስከ 10 ሚሊ በግማሽ በግማሽ ያድጋል። ጭራው ላይ የተቀረጸው ቁጥር በዝገትና በድሪሉ ጥርስ ሲጠፋ ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። የ1/4 ኢንቹ ፑንታ 6.35 ሚሊ ነው። በእሱ ብሎኬት ተበስቶ 6 ሚሊ ፊሸር ሲገባበት ፊሸሩ ይላላል፣ ቪቴው (የሚጠመዘዘው ሚስማር) ሲጠብቅም አብሮት ይዞራል። መደርደሪያው ሲነቀል ታዲያ የሚወቀሰው ብሎኬቱ ወይም ሠራተኛው ነው።

በብሎን መፍቻ ቡሶላ ላይ ጉዳቱ ይብሳል። አገር ቤት መንገዱን የሞላው ቶዮታ ነው፤ የቶዮታ ብሎን ራስ በብዛት 10፣ 12፣ 14 እና 17 ሚሊ ነው። 1/2 ኢንች 12.7 ሚሊ ስለሆነ የ12ቱን ራስ ይይዘዋል፣ ጉልበት ሲያርፍበት ግን ተንሸራቶ ማዕዘኑን ይልጠዋል። 9/16 ኢንች ደግሞ 14.29 ሚሊ ነው፤ በ14ቱ ላይ ልክ ይመስላል፣ ዝገት የያዘው ብሎን ላይ ሲሆን ያንሸራትታል። ሳይጎዳ የሚተካካው ጥቂት ነው፤ 3/4 ኢንች 19.05 ስለሆነ ለ19 ይሠራል። በብሎን ጥርስም እንዲሁ ነው። የ8 ሚሊ ብሎን ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ሲሆን የ5/16 ኢንቹ 1.41 ነው። ዳዶው አንድ ሁለት ዙር ይገባና ይጠብቃል፤ ገፍቶ ያጠበቀው ሰው ጥርሱን ይበላዋል። ስለዚህ ዕቃ ማደራጀት ከሳጥን ግዢ በፊት የሚጀምረው ከዚህ ነው፦ ኢንችና ሚሊ አንድ ጣሳ ውስጥ አይገቡም። ኢንች የሆነው ቡሶላ ሁሉ በወገቡ ላይ የቀይ ቀለም ቀለበት ይደረግበት፣ ፑንታው ደግሞ የጭራው ግርጌ ይቀባ። የጥፍር ቀለም ይበቃል፤ በቲነር እስካልታጠበ ድረስ ይቆያል።

ከውጭው ጋራዥ መማር ያለብን አንድ ነገር አለ። እዚያ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቦታ ስላለው የጎደለው ወዲያው ይታያል። ጣሳ ይህን አያሳይም፤ የ10 ሚሊ ቡሶላ ከጠፋ ወር ሆኖት ሊሆን ይችላል፣ የሚታወቀው ግን መኪናው ከተፈታ በኋላ ነው። በሌላ በኩል ያንን ቀዳዳ ሰሌዳ እንዳለ ወደ አገር ቤት መውሰድ አያዋጣም። የአሜሪካ ግድግዳ ከውስጡ በየ16 ኢንቹ የእንጨት ቋሚ ስላለው ሰሌዳው እዚያ ላይ በቪቴ ይታሰራል። የእኛ ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ ፊሸሩ ባዶው ላይ ከወደቀ ክብደት አይችልም። በተጨማሪም አገር ቤት ባለሙያው ዕቃውን ይዞ ወደ ሥራው ይሄዳል እንጂ ሥራው ሁሉ ወደ እሱ አይመጣም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፑንታ ታክሲ አይሳፈርም።

የሚሻለው ቀዳዳ ያለው እንጨት ነው፤ ማንም እቤቱ ይሠራዋል። 40 ሴንቲሜትር የሚረዝም፣ 4 ሴንቲሜትር የሚወፍር ደረቅ ጣውላ ለ19ኙ ፑንታ ይበቃል። ከጫፍ 2 ሴንቲሜትር ተትቶ በየ2 ሴንቲሜትሩ ይበሳል። ቀዳዳው ከፑንታው በግማሽ ሚሊ ይስፋ፤ ለ5ቱ በ5.5 ይበሳል ማለት ነው። ጥልቀቱ 2.5 ሴንቲሜትር ሆኖ ከ3 ሚሊ በታች ላሉት ከ1.5 አይለፍ። የ1 ሚሊዋ ፑንታ ጠቅላላ ርዝመቷ 3.4 ሴንቲሜትር ስለሆነ ጠልቃ ከገባች ጣት አይዛትም። ጭራው ወደ ታች፣ ጫፉ ወደ ላይ ይሁን፤ የደነዘዘው በዓይን ይለያል። ቁጥሩ በእስክሪብቶ ከተጻፈ ዘይት የነካ እጅ ያጠፋዋል፤ በጋለ ሚስማር መተኮስ ይሻላል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን አይሆንም። ሲደርቅ ቀዳዳው ይጠብና ፑንታውን አንቆ ይይዘዋል፣ እርጥበቱም ያዝገዋል።

የሲሚንቶ መብሻው ኤስዲኤስ (በሚመታ ድሪል ላይ የሚገጠመው ፑንታ) ለብቻው ይቀመጥ። የኤስዲኤስ ፕላስ ጭራ ለ6ም ለ12ም ያው 10 ሚሊ ነው፤ ሁሉም በ11 ሚሊ ቀዳዳ ይቆማል፣ ስለዚህ ልኩን የሚነግረን እንጨቱ ላይ ከቀዳዳው ፊት የተተኮሰው ቁጥር ብቻ ነው።

የግራይንደር መቁረጫ ዲስክ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ እዚህም እዚያም ይረሳል። ቀጭኑ ዲስክ በሙጫ የተያያዘ ስለሆነ እርጥበት ያደክመዋል፤ በአውሮፓ ደረጃ የተሠራው መሃሉ ባለው የብረት ቀለበት ላይ ማብቂያ ወሩና ዓመቱ ተመትቶበታል፣ ያም ከተመረተ 3 ዓመት ነው። ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ከከረመ ይጣመማል። የተጣመመ ወይም ያለፈበት ዲስክ እየዞረ ሊፈነዳ ይችላልና አይገጠምም፤ ሰው ዓይኑን የሚያጣበት ነገር ነው። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝቶ፣ ከላዩ ሌላ ጠፍጣፋ ጭኖ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። የብርጭቆ ወረቀትም ያው።

ዝገትን በተመለከተ ከአገር አገር ይለያያል። ጂዳና ዱባይ ባሕሩ ጨዋማ አየር ይልካል፤ ጀርመን ብዙ አፓርታማ ለተከራዩ የሚሰጠው የምድር ቤት ክፍል ይረጥባል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ክረምቱ አለ። በሁሉም ቦታ የሚያዝገው እርጥብ ዕቃ በጥብቅ ክዳን ውስጥ መዝጋት ነው። ማድረቅ፣ ቀጭን የማሽን ዘይት መቀባት፣ ከጫማ ካርቶን የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብሮ መክተት ይበቃል። የምግብ ዘይት አይቀባ፤ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል።

ለብሎንና ለዳዶ ቁራሌው የሚሰበስበው ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ከየትኛውም የሱቅ መሳቢያ አያንስም። እጀታው ሳይነካ ከፊቱ በአግድሞሽ ይቆረጣል፣ በሙቅ ውኃና በኦሞ ይታጠባል፤ ዘይቱ ከቀረ አቧራ ይጠጣል። ሲሶውን ብቻ መሙላት ነው፣ ብረት ስለሆነ ሲሞላ እጀታው ይበጠሳል። አንድ ጀሪካን አንድ ውፍረት ይያዝ፤ ከየልኩ አንድ ብሎን ከፊቱ በሽቦ ቢታሰር ጽሑፍ አያስፈልግም።

ለዘመድ መላክ የሚፈልግ ባለ 200 ፍሬውን የመሣሪያ ሳጥን ይተወውና ሚሊ የሆነውን ብቻ ይግዛ። የሳጥኑ ማጠፊያ ቶሎ ይሰበራል፣ ግማሹም ኢንች ነው። ፑንታ በአሜሪካ አየር ማረፊያ በእጅ ሻንጣ አያልፍም፣ ወደሚጫነው ይግባ፤ የድሪሉ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ደግሞ በተቃራኒው በእጅ ይያዝ። ቻርጀሩ ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ አገር ቤት 220 ሲሰኩት ይቃጠላልና ከመግዛት በፊት ጀርባው ይነበብ።